የጫማ መደርደሪያ የሚመስለው ነገር

የአሉሚኒየም ቤቱ ባለቤት ወረቀቴን አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ጎን እያዞሩ አዩት። አምስት ዘንግ፣ እያንዳንዱ 60 ሳንቲ ሜትር፤ በመሀላቸው ሁለት ሁለት ሳንቲ ክፍተት፤ ከኋላ 8፣ ከፊት 3 ሳንቲ ከፍታ። ልጆቹ የመስኮት ፍሬም እየቆረጡ ስለነበር ጩኸቱ አያነጋግርም።

«የጫማ መደርደሪያ ነው አይደል?» አሉኝ መጋዙ ፋታ ሲሰጥ።

«አይ ጋሼ፣ የጊታር ነው።»

ወረቀቱን እንደገና አዩት። «ታዲያ ጊታሩ እንዴት አድርጎ ነው እዚህ ላይ የሚቆመው?»

ጊታሩ አይቆምበትም። የሚቀመጡበት ፔዳሎች ናቸው። ፔዳል የምንለው በጊታሩና በአምፕሊፋየሩ መሀል ገብቶ ድምፁን የሚለውጥ፣ በእግር የሚረገጥ ትንሽ የብረት ሣጥን ነው። አንዱ ድምፁን ያሻክራል (ኦቨርድራይቭ)፣ አንዱ ያስተጋባል (ዲሌይና ሪቨርብ)፣ አንዱ ያወዛውዛል (ኮረስ)። አንድ ፔዳል ያለው ሰው መደርደሪያ አያስፈልገውም። ሁለት ያለውም ችሎ ይኖራል። ሦስተኛው ሲመጣ ገመዱ ከፔዳሉ ይበዛል፤ ፔዳል ቦርድ የሚባለው ነገር የሚታሰበው ያኔ ነው።

እኔ ግን እስከ ስድስተኛው ድረስ ታግሼ፣ የታገሥኩበትን ዋጋ አንድ ሰርግ ላይ ከፈልኩ። ስድስቱን ፔዳል፣ ሦስት አዳፕተርና የተቋጠረ ገመድ በአንድ ቦርሳ ከትቼ ሄድኩ። መድረክ ላይ ተንበርክኬ፣ የስልኬን መብራት በጥርሴ ይዤ፣ የቱ ገመድ ከየቱ እንደሚገባ ስፈልግ ሙሽሮቹ ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ። ከፊት ወንበር አንዲት እናት ለጎረቤታቸው «ይሄ ልጅ ምኑ ጠፍቶበት ነው?» ሲሉ ሰማሁ። ኪቦርዱ ብቻውን ሁለት ዘፈን አጀበ። እኔ ስነሳ ደግሞ ከአምፑ የወጣው ሙዚቃ ሳይሆን እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር ያለ ጉርምርምታ ነበር።

ሁለት ችግር ነበረብኝ ማለት ነው፤ መዝረክረክና ጉርምርምታ። የመጀመሪያውን ማንም አናጺ ያስተካክለዋል። ይህ ምዕራፍ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያጠፋው በሁለተኛው ላይ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ፔዳሉ ራሱ ከየት እንደመጣ ላውሳ። ፔዳል ከመምጣቱ በፊት ጊታሪስት በእግሩ የሚሠራው ሥራ ምት መምታት ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ታዋቂ ፔዳል የተወለደው ደግሞ ከብልሽት ነው። በናሽቪል ስቱዲዮ ውስጥ የካንትሪ ዘፋኙ ማርቲ ሮቢንስ «ዶንት ወሪ» የሚለውን ዘፈን ሲቀርጽ የግሬዲ ማርቲን ባለ ስድስት ክር ቤዝ ያለፈበት የመቅረጫ መሣሪያ ክፍል ተበላሸና ድምፁ ተቀዳዶ ወጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንደገና ይቀረጽ ነበር። እንዳለ ተዉት፤ ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ1961 ወጥቶ ተወደደ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)፤ ሌሎች ሙዚቀኞችም ያንን ብልሽት ይፈልጉት ጀመር። የድምፅ ባለሙያው ግሌን ስኖዲ ብልሽቱን ሆን ብሎ የሚፈጥር ሰርኪዩት ሠራ፤ ጊብሰን ገዝቶት በ1962 «ማኤስትሮ ፋዝ ቶን» ብሎ ለገበያ አቀረበው። ሳጥኑ በሰፊው የታወቀው ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ኪዝ ሪቻርድስ በሮሊንግ ስቶንስ «ሳቲስፋክሽን» ላይ ሲጫወትበት ነው። ከዚያ ዋዋ መጣ፣ ፌዘር መጣ፤ በ1977 የጃፓኑ ቦስ ዛሬ ድረስ ቅርጻቸው ያልተለወጠውን ትንንሽ ፔዳሎች ማውጣት ጀመረ። በዚያው በ1970ዎቹ እንግሊዛዊው ፒት ኮርኒሽ እንደ ፒንክ ፍሎይዱ ዴቪድ ጊልሞር ላሉ ጊታሪስቶች ፔዳሎቻቸውን በአንድ ሰሌዳ ላይ አጣምሮ መሥራት ያዘ። የእሱ ሥራ ሻንጣ የሚያህል ከባድ ዕቃ ነበር፤ ተሸካሚ ላለው ሰው የሚሆን።

ተሸካሚ የሌለው ሰው በእጁ ያለውን ይጠቀማል። በአውሮፓና በአሜሪካ ለብዙ ዓመት የድሃ ጊታሪስት ፔዳል ቦርድ «ጎርም» ነበር። ኢኬያ ይሸጠው የነበረ ርካሽ የጥድ መደርደሪያ ነው፤ ጠፍጣፋ ርብራብ ስለነበር፣ ገልብጠው እግር ሲገጥሙለት ለፔዳል የተሠራ ይመስል ነበር። እኛ ጋ ጎርም የለም። የአሉሚኒየም ቤት ግን በየመንደሩ አለ፤ የመስኮትና የበር ፍሬም ቁርጥራጭ ጥግ ላይ ተቆልሎ ይጠብቃል። ኮምፖርሳቶም ይሆናል፣ ርካሽ ነው፣ ቤት ውስጥ በእጅ መጋዝ ይቆረጣል። ነገር ግን ወፍራም ካልሆነ መሀሉ ይረግባል፣ ወፍራም ከሆነ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ጭን ላይ ይከብዳል። ምናለሽ ተራ ሄጄ የብረት ቱቦላሬም አይቼ ነበር። ጠንካራ ነው፤ አስበየድኩት እንበል፣ ማን ሊሸከመው ነው? አምስት ሳንቲ ስፋት ያለውን አሉሚኒየም መረጥኩ። አምስት ዘንግ በአምስት ሳንቲ 25፣ አራቱ ክፍተት 8፤ ጠቅላላ ጥልቀቱ 33 ሳንቲ ሜትር።

ልኩን ያገኘሁት ግን በሜትር አይደለም፣ በጋዜጣ ነው። ሳሎን ወለል ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ ፔዳሎቹን ደረደርኩ፤ ገመዳቸውን ሁሉ ሰክቼ፣ ምክንያቱም ቦታ የሚበላው ፔዳሉ ብቻ ሳይሆን ከጎኑ ወጥቶ የሚቆመው ጃክም ነው። የቦስ ፔዳል ወርዱ 73 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 129 ነው፤ ጃኮቹ ሲሰኩ ግን በሁለት ፔዳል መሀል ቢያንስ ሌላ ሦስት ሳንቲ ይፈልጋል። ከዚያ ጫማዬን አድርጌ ተነሣሁና በእግሬ ሞከርኩት። ይህን ማንም እንዳይዘልል እመክራለሁ። በካልሲ ሲረግጡት የሚመች አደራደር በ43 ቁጥር ጫማ ሁለት ፔዳል ባንዴ ያስረግጣል። ዘፈን መሀል ላይ ቶሎ ቶሎ የሚረገጠው ከፊት፣ ከፍቼ የምተወው ከኋላ ሄደ። በኋላው ረድፍ ያለው እንዳይርቅ ነው ከኋላ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ ያደረግሁት፤ በ33 ሳንቲ ርዝመት ላይ አምስት ሳንቲ ከፍታ ወደ 9 ዲግሪ ያህል ዳገት ይሰጣል። ከዚያ በላይ ቢያቀኑት ቁርጭምጭሚት ያማል። ከሥሩ የሚተርፈው ባዶ ቦታ ደግሞ ለኃይል መስጫው ነው።

ፔዳሎቹን የሚይዘው ቬልክሮ ነው፤ የደም ግፊት መለኪያው ክንድ ላይ ሲፈታ «ችርርር» የሚለው። ሻካራው በፔዳሉ ሆድ፣ ለስላሳው በዘንጉ ላይ ይለጠፋል። ብዙ ሰው ከመለጠፉ በፊት ፔዳሉን መጥረግ ይረሳል። እጄ ላይ ካለው ቅባት የተነሣ የመጀመሪያው ቬልክሮ በሁለት ሳምንቱ ከነሙጫው ተላጠ፤ በአልኮል ጠርጌ ስለጥፈው እስከ ዛሬ አለ። የፔዳሉን የጎማ ጫማ ያወጣ ሰው መልሶ የሚሸጥበት ቀን እንደሚመጣ አስቦ በፌስታል ያስቀምጠው።

የአሉሚኒየሙ ሥራ በአንድ ከሰዓት አለቀ። ጋሼ ቪቲውን ራሳቸው በካቻቢቴ እያጠበቁ «እንግዲህ ጫማም ያስቀምጣል» ብለው ሰጡኝ። ሳምንት የፈጀው ከሥሩ ያለው ነው።

አብዛኛው ፔዳል በ9 ቮልት ይሠራል። አራት ማዕዘኗ የ9 ቮልት ባትሪ በ1950ዎቹ ለትራንዚስተር ሬዲዮ ተብላ የተሠራች ናት፤ ፔዳል ሠሪዎች በየሱቁ የሚገኘውን ባትሪ ይዘው ቀሩ። ዛሬ ባትሪ የሚጠቀም ጥቂት ነው፤ አዳፕተር አለ። ችግሩም እዚህ ይጀምራል፤ የፔዳል አዳፕተር ጫፉ ከሌላው ይለያል። ቤት ያለው የዋይፋይ ራውተር አዳፕተር፣ ልክ ያንኑ የሚመስለው፣ አብዛኛውን ጊዜ መሀሉ ፖዘቲቭ ዙሪያው ኔጌቲቭ ነው። የፔዳል ግን መሀሉ ኔጌቲቭ ነው። ይህ እልህ አይደለም፤ ምክንያቱ ያቺው ባትሪ ናት። አዳፕተር ሲሰካ ባትሪውን የሚያቋርጠው ማብሪያ ያለው በሶኬቱ ውስጥ ከዙሪያው ጋር በሚነካካው ብረት ላይ ነው። የባትሪውን ፖዘቲቭ በእሱ ለማቋረጥ ፖዘቲቩ ዙሪያው ላይ መሆን ነበረበት። ባትሪው ቀረ፣ ልማዱ ግን አልቀረም።

እኔ ይህን የተማርኩት በአፍንጫዬ ነው። የራውተር አዳፕተር በአንድ ፔዳል ላይ ሰካሁ፤ ገጠመ፤ መብራቱ አልበራም፤ «ይሞቅ ይሆናል» ብዬ ትንሽ ጠበቅሁ። ከዚያ የተቃጠለ ላስቲክ የመሰለ ሽታ መጣ። ውስጡን ስከፍተው ኃይል ተገልብጦ ሲመጣ ራሱን መሥዋዕት እንዲያደርግ የተቀመጠው ዳዮድ ከሰል ሆኗል። ፔዳሉ የዳነው በዳዮዱ ነው፤ ጥቂት ብር አውጥቼ ቀየርኩት። ዳዮድ የሌለው ፔዳል ቢሆን ዛሬ የወረቀት መጫኛ ነበር። ስለዚህ ከመስካት በፊት ከአዳፕተሩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ሥዕል ማየት ነው፤ አንድ ነጥብ፣ ነጥቡን የከበበ ግማሽ ክብ፣ በግራና በቀኝ የመደመርና የመቀነስ ምልክት። ለፔዳል የመቀነሱ ምልክት ከነጥቡ ጋር መያያዝ አለበት። ሥዕል ከሌለው ቴስተር አለ።

ሁለተኛው ነገር ከውጭ የሚላክልንን ይመለከታል። ዋሽንግተን ወይም አትላንታ ያለ ዘመድ «ጥሩ ፓወር ሰፕላይ አገኘሁልህ» ብሎ ሲልክ ደስ ይላል፤ ግን የአሜሪካ ሶኬት 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። ጀርባው ላይ «ኢንፑት 100–240» የሚል ካለ ጫፉን በመቀየሪያ መሰካት ብቻ ነው። «120» ብቻ ካለ፣ በተለይ ከባድና ባለ ትራንስፎርመር ከሆነ፣ የኛ ግድግዳ በጥቂት ደቂቃ ያበስለዋል።

ቮልትና አምፒር የሚያምታታው ሰው ብዙ ነው፤ ሮቶን ያስብ። ቮልት ማለት ሮቶው የተሰቀለበት ከፍታ ነው፤ ከልኩ በላይ ከፍ ቢያደርጉት ቧንቧው ይፈነዳል። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈው ሚሊ አምፒር ደግሞ ሮቶው ምን ያህል ማጠጣት እንደሚችል ነው፤ ሮቶው ትልቅ ስለሆነ ብርጭቆ አይሰበርም፣ የሚወርደው በተከፈተው ልክ ነውና። ትንሽ ሲሆን ነው ጉዱ። የኔዎቹን ስደምር ዋዋው 1፣ ኦቨርድራይቩ 10፣ ኮረሱ 20፣ ቱነሩ 30፣ ዲሌዩ 65፣ ሪቨርቡ 100፤ ጠቅላላ 226 ሚሊ አምፒር። ልብ ያለ ሰው ያያል፤ አናሎግ የሆኑት ጠብታ ነው የሚጠጡት፣ ውሃውን የሚጨርሱት ዲጂታሎቹ ናቸው። 200 የሚል አዳፕተር ገዝቶ ሁሉን ያንጠለጠለበት ሰው ዲሌዩ በራሱ ጊዜ እየጠፋ ሲበራ «ቻይና ነው» ብሎ ይራገማል። ቻይናን ምን አገባት።

አሁን ወደዚያ የሰርግ ቤት ጉርምርምታ እንመለስ። ይህ ድምፅ ስም አለው፤ ስሙም ጂ ነው ማለት ይቻላል። የኛ አገር ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ አቅጣጫውን ቀይሮ ይመለሳል። አዳፕተር ውስጥ ሲስተካከል እያንዳንዱ ዙር ሁለት ጉብታ ስለሚሆን በደንብ ያልተጣራ አዳፕተር የሚያወጣው ድምፅ 100 ኸርዝ ነው። በጊታሩ ወፍራም ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ያለው ጂ 98 ኸርዝ ነው። ማለትም ርካሽ አዳፕተር የያዘ የአዲስ አበባ ባንድ ሁሌም ትንሽ ሻርፕ የሆነ ጂ ከጀርባው ይጎተትበታል። አሜሪካ ያለው ወንድማችን ይህን ጂ አያውቀውም፤ እዚያ ኤሌክትሪኩ 60 ነው፣ ጉርምርምታው 120፣ በቢ ፍላትና በቢ መሀል የተንጠለጠለ ቅጥ ያጣ ድምፅ። ለእኔ የኛው ይሻላል፤ ቢያንስ በጂ የሚሄድ ዘፈን ላይ ይሸፈናል።

ጉርምርምታው በሁለት በር ይገባል። አንደኛው ይኸው ያልተጣራ አዳፕተር ነው። ሁለተኛው የበለጠ ተንኮለኛ ነው፤ ምንም ዕቃ ሳይበላሽ የሚመጣ። አንድ አዳፕተር ወስደን፣ ብዙ ጫፍ ባለው ሰንሰለት ሽቦ ለስድስት ፔዳል ብናካፍል፣ ኔጌቲቫቸው በኃይል ሽቦው ይገናኛል። እነዚሁ ፔዳሎች ደግሞ በድምፅ ገመዱ ውጫዊ ሽቦም ተገናኝተዋል። አንድ ነገር በሁለት መንገድ ሲገናኝ ክብ ይሠራል፤ ክብ ሽቦ ደግሞ በአካባቢው ካለው ትራንስፎርመርና መስመር የሚያልፈውን መግነጢስ እንደ አንቴና ይለቅማል። በዚህ ላይ ዲጂታል ፔዳል አለ፤ ውስጡ ያለው ሰዓት፣ ክሎክ የሚባለው ምት ሰጪ፣ የሚረጨውን ቆሻሻ በዚያው የጋራ ሽቦ ለጎረቤቱ ለኦቨርድራይቭ ያደርሰዋል፤ የኦቨርድራይቭ ሥራው ማጉላት ነውና የትንኝ የመሰለ ቀጭን ፉጨት አድርጎ ያወጣዋል። አንድ የጋራ ቧንቧ ባለበት ግቢ አንዱ ሲታጠብ የሌላው ውሃ የሚደፈርሰው እንደዚያ ነው።

መድኃኒቱ ለየፔዳሉ የራሱን ቧንቧ መስጠት ነው። አይሶሌትድ የሚባለው ፓወር ሰፕላይ እያንዳንዱን መውጫ ከሌላው ፍጹም ነጥሎ ይሠራል፤ በባለ ትራንስፎርመሩ ዓይነት ለየመውጫው የራሱ የተጠመጠመ ሽቦ አለው። ዋጋው ይመራል፤ እውነቱን ለመናገር ከአንድ ጥሩ ፔዳል ይበልጣል፣ ማንም ደግሞ አይቶ «እንዴት ያምራል» አይለውም። እኔ ግን አንድ ፔዳል ሽጬ ቢሆን እንኳ ይህን ግዙ እላለሁ። ገንዘቡ ካልደረሰ መለስተኛው መላ ሁለት የተጣራ አዳፕተር ይዞ ዲጂታሎቹን በአንዱ፣ አናሎጎቹን በሌላው ማድረግ ነው። አብዛኛው ፉጨት እዚያው ላይ ይቆማል።

አንድ መላ ግን አለ፣ ሰው የሚያደርገውና መደረግ የሌለበት። የአምፑን መሰኪያ የመሬት ሽቦ ሲቆርጡት ጉርምርምታው ብን ብሎ ይጠፋል። ይጠፋል፣ ክቡ ስለተቆረጠ። ነገር ግን አምፑ ውስጥ አንድ ቀን አንድ ነገር ቢላላ 220 ቮልቱ የሚወርድበት መንገድ የቀረው የጊታሩ ክር ነው፤ ከክሩ ጣት፣ ከጣት ልብ፣ ከልብ ማይክራፎን የነካ ከንፈር። የኔን ምክር ለመስማት ፔዳል ቦርድ መሥራት አያስፈልግም፤ ያንን ሽቦ የቆረጠ ጓደኛ ያለው ሁሉ ዛሬውኑ ያስቀጥለው።

ቅደም ተከተል የሚባለውን ነገር የወጥ ነገር የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይረዳዋል። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ይቁላላል፣ በርበሬው ይከተላል፣ መከለሻው ወጡ ሊወጣ ሲል ነው። መከለሻን ከሽንኩርት ጋር የጣለ ሰው ሽታውን አቃጥሎ ጨርሶታል። ድምፅን የሚያሻክረው ኦቨርድራይቭ ቁሌቱ ነው፤ የሚያስተጋቡት ዲሌይና ሪቨርብ መከለሻ ናቸው። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ኦቨርድራይቭ የድምፁን ጫፍ ቆርጦ ትልቁንም ትንሹንም ወደ አንድ ቁመት ያመጣል። ማሚቶ ደግሞ ውበቱ እየቀጨጨ መሄዱ ነው። ማሚቶውን ፈጥረን ወደ ኦቨርድራይቭ ብናስገባው የቀጨጨው ሁሉ እንደገና ይፋፋል፣ ሦስት የጊታር ምት በአንድ ጉሮሮ ይጮሃል፣ ገንፎ ይሆናል። ይህን ገንፎ ፈልገው የሚሠሩ አሉ፤ ልጆቹ ይወዱታል፤ እኔ ሰርግ ላይ ነው የምጫወተው።

ቱነር፣ የክሩን ቅኝት የሚለካው፣ ከሁሉ በፊት ይሆናል፣ ያልተነካካ ድምፅ ነው በትክክል የሚያነበው። ዋዋ፣ በእግር ሲወዛወዝ ጊታሩን እንደ ሰው አፍ «ዋ» የሚያሰኘው፣ ከዚያ ይከተላል። ዋዋ በ1960ዎቹ አጋማሽ ካሊፎርኒያ ውስጥ በቶማስ ኦርጋን ኩባንያ የተገኘ ነው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በ1972 ኒውዮርክ በተቀረጸው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ላይ በኛ ቅኝት ሲናገር እንሰማዋለን። ጂሚ ሄንድሪክስ ዋዋውን ከፋዙ በፊት ነበር የሚያስገባው። የእሱ ዓይነት አሮጌ ፋዝ፣ በ1966 ለንደን የወጣው ፋዝ ፌስ፣ ግን ጠባየኛ ነው፤ ጊታሩን በቀጥታ ካላገኘ፣ በመሀል ሌላ ኤሌክትሮኒክስ ከገባበት፣ ድምፁ ይሰላል። እንደ ባለጌ እንግዳ፣ ወደ ጓዳ ካልገባሁ የሚል። ለሱ ከሆነ ሕጉን ሁሉ መሻር ይገባል።

ገመዱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቸል የሚባለው እሱ ነው። የጊታር ገመድ መሀሉ አንድ ሽቦ፣ ዙሪያው የተጎነጎነ መረብ ነው። ሁለቱ ተቀራርበው ስለሚሄዱ በሜትር ወደ 100 ፒኮ ፋራድ የሚጠጋ ካፓሲተር ይሠራሉ፤ ካፓሲተሩ ደግሞ ቀጭኑን፣ የሚያበራውን የድምፅ ክፍል ወደ መሬት ያፈሳል። ከጊታር እስከ ቦርድ 6 ሜትር፣ ከቦርድ እስከ አምፕ 6 ሜትር፣ በፔዳሎቹ መሀል ደግሞ ተጠራቅሞ 1 ሜትር ተኩል። ፔዳሎቹ ሲጠፉ ድምፁን ዝም ብለው የሚያሳልፉ ዓይነት፣ ትሩ ባይፓስ የሚባሉት ከሆኑ፣ ደካማው የጊታር ፒክአፕ፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው፣ ይህን 13 ሜትር ተኩል ብቻውን መግፋት አለበት። ውጤቱ በአምፑ ላይ ብርድ ልብስ የጣሉ ይመስላል። መሀል ላይ አንድ በፈር ቢኖር፣ ድምፁን ሳይቀይር ጉልበት ጨምሮ የሚያስተላልፍ ትንሽ ሰርኪዩት፣ ብርድ ልብሱ ይነሣል። ብዙ የቦስ ፔዳሎች ሲጠፉም ይህን ሥራ ይሠራሉ፤ ስለዚህ «ትሩ ባይፓስ ካልሆነ አልነካም» የሚለውን ፋሽን ብዙም አልሰማውም። የኤሌክትሪክ ክራር የሚጫወት ሰው ደግሞ በፈሩን ከሁሉ አስቀድሞ ያስብበት፤ ክራር ላይ የሚለጠፈው ፒዬዞ ከጊታር ፒክአፕ የባሰ ደካማ ስለሆነ ወፍራሙን ድምፅ ገና መግቢያው ላይ ያጣል።

አጫጭሮቹን ገመዶች ራሴ ነው የሠራሁት። ጃኩ 6.35 ሚሊ ሜትር ነው፣ የድሮ ስልክ ኦፕሬተሮች ጥሪ ለማገናኘት ይሰኩት የነበረው ያው ጃክ። የመሀሉ ሽቦ ከጫፉ፣ መረቡ ከአካሉ ይበየዳል። ጥበቡ ሽቦውን ማሞቅ ነው፣ እርሳሱን አይደለም፤ ብረቱ ሲግል እርሳሱ በራሱ ይሰምጣል፣ ሲበርድም እንደ መስታወት ያበራል። ደብዝዞ ጉብ ብሎ የቀረ ብየዳ ዛሬ ይሠራል፣ መድረክ ላይ ይከዳል። ከዚያ ቴስተር፦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጮህ፣ ከጫፍ ወደ አካል ዝም ይበል። ከሰባቱ ገመድ አንዱ በሁለቱም ጮኸብኝ፤ ፀጉር የምታክል አንዲት የመረብ ክር አምልጣ መሀሉን ነክታ ኖሯል። እሷን በፒንሳ ስቀነጥብ ሰዓቱ ሌሊት 7 ነበር።

ሲታሰር የድምፁ ገመድ በክፍተቶቹ ወርዶ በአንድ ጎን፣ የኃይሉ ሽቦ በሌላ ጎን ሄደ፤ መተላለፍ ግድ ሲሆንባቸው በመስቀል እንጂ ጎን ለጎን እንዳይጓዙ። ከሥሩ አንድ ትርፍ አጭር ገመድ በፕላስተር ለጠፍኩ። የአሰካኩን ሥዕልም በእጄ ሥዬ እዚያው ለጠፍኩ፤ በጨለማ መድረክ ላይ የራስን ጭንቅላት ማመን አይቻልም።

ከወር በኋላ ሌላ ሰርግ። ቦርዱን አስቀመጥኩ፣ አንድ መሰኪያ፣ ሁለት ጃክ፣ ቀና አልኩ። ዝም። ድምፅ ባለሙያው «ጊታር፣ ተሰክተሃል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ እንደ ሽልማት ነው የምቆጥረው። ሁለተኛው ዘፈን ላይ መብራት ጠፋና ጄኔሬተር ተነሣ። ሲነሣ ያ ጉርምርምታ መጣ። ደነገጥሁ፤ ጎንበስ ብዬ የጊታሩን ድምፅ ዘጋሁ፣ ቱነሩን ረግጬ መስመሩን ቆረጥኩ፣ አልሄደም። ከኪቦርዱ አዳፕተር ነበር። ኩሽናው ምድጃውን በለኮሰ ቁጥር ጄኔሬተሩ እየደከመ፣ ከ50 ወደ 47 ገደማ እየወረደ፣ ጉርምርምታው አብሮት ከጂ ወደ ኤፍ ሻርፕ ይንሸራተታል።

ቤዚስታችን ክሩን እያዳመጠ ወደኔ ዘንበል አለ። «ዛሬ ጄኔሬተሩ ፍላት ነው» አለኝ።